ከሸክላ መጠን ወደ ውኃ መጠን፦ ብራዚል ለእርሻ ዕቅዷ የምትጠቀምበትን የአፈር ምደባ የቀየረችበት ጉዳይ

የጉዳዩ መነሻ

በብራዚል አንድ ገበሬ አኩሪ አተር፣ በቆሎ ወይም ስንዴ በየትኛው ወቅት ቢዘራ መንግሥት የሚደግፈውን የእርሻ መድን ሊያገኝ እንደሚችል የሚወስን አገር አቀፍ ሥርዓት አለ። ሙሉ ስሙ የእርሻ የአየር ንብረት ሥጋት ቀጠና ምደባ ሲሆን በፖርቱጋልኛ ምሕጻሩ ዛርክ ይባላል። ሥራ የጀመረው በ1996 በስንዴ ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ሰብሎችና ወደ አገሪቱ ክፍሎች በሙሉ ተስፋፍቷል። ሳይንሳዊ ሥራውን የሚመራው በ1973 የተቋቋመው የመንግሥት የግብርና ምርምር ድርጅት ኤምብራፓ ነው፤ ውጤቱን መመሪያ አድርጎ የሚያወጣው ደግሞ የግብርና ሚኒስቴር ነው።

አሠራሩ በጥቅሉ እንዲህ ነው። ዓመቱ እያንዳንዳቸው አሥር ቀን ገደማ በሚሆኑ 36 ክፍሎች ይከፈላል። ለእያንዳንዱ የአስተዳደር ወረዳ፣ ለእያንዳንዱ ሰብልና ለእያንዳንዱ የአፈር መደብ፣ በእነዚህ አሥር ቀኖች በአንዱ ቢዘራ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለብዙ ዓመታት በተመዘገበ የዕለት ዝናብ መረጃ ይሰላል። ስሌቱ የውኃ ሂሳብ ነው፤ ዝናቡ ገቢ፣ ከአፈሩ የሚተነውና ተክሉ በቅጠሉ የሚያወጣው ወጪ፣ ሥር በደረሰበት ጥልቀት ያለው አፈር ደግሞ የቁጠባ ሂሳብ ሆኖ ይታያል። በአበባና በፍሬ መሙያ ጊዜ ተክሉ ያገኘው ውኃ ከሚፈልገው ጋር ሲነጻጸር ከተወሰነ መጠን በታች ከወረደ ያ ዓመት እንደ ከሸፈ ይቆጠራል። ከአሥር ዓመት ስምንቱን የሚያልፍ የመዝሪያ ጊዜ የ20 በመቶ ሥጋት ያለበት ተብሎ ይመዘገባል፤ የ30 እና የ40 በመቶ ሥጋት ያለባቸውም ለየብቻቸው ይወጣሉ።

በዚህ ሁሉ ስሌት ውስጥ አፈር የሚገባው በአንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ያም ቁጥር አፈሩ ለተክሉ ምን ያህል ውኃ ማቆየት ይችላል የሚለው ነው። የዝናብ መረጃው የቱንም ያህል የረጅም ጊዜና ጥንቁቅ ቢሆን፣ ይህ አንድ ቁጥር ከተሳሳተ የመዝሪያ ቀኑ ይሳሳታል። ብራዚል በ2022 የቀየረችው ይህን ቁጥር የምታገኝበትን መንገድ ነው።

የቀድሞው ምደባ

እስከዚያ ድረስ የአገሪቱ አፈር በሦስት ዓይነት ብቻ ይመደብ ነበር። ዓይነት 1 ሸክላው ከ10 በመቶ ያላነሰና ከ15 በመቶ በታች የሆነ፣ ወይም ሸክላው 15 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ አሸዋው ሸክላውን በ50 ነጥብና ከዚያ በላይ የሚበልጥበት አፈር ነው። ዓይነት 2 ሸክላው ከ15 እስከ 35 በመቶ የሆነ፣ ዓይነት 3 ደግሞ ሸክላው 35 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ነው፤ አሸዋው ከ15 በመቶ በታች የሆነ ደለላማ አፈርም ከዓይነት 3 ጋር ይቆጠር ነበር (ደለል ከአሸዋ የደቀቀ፣ ከሸክላ ግን የገዘፈ ቅንጣት ነው)። ከኋላው ያለው አሳብ ቀላል ነው፦ ሸክላ በበዛ ቁጥር ውኃ ይበዛል፤ ዓይነት 1 ጥቂት ይይዛል፣ ዓይነት 2 መካከለኛ፣ ዓይነት 3 ብዙ።

ይህን ምደባ እንደ ስንፍና መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ዕቅዱ በመላ አገሪቱ ላይ መሥራት ነበረበት፤ ገበሬው ደግሞ ርካሽ በሆነ የላቦራቶሪ ምርመራ የእርሻውን ዓይነት ማወቅና ለመድን ሰጪው ማሳየት መቻል ነበረበት። የሸክላ መጠን ይህን ሁለቱንም ያሟላ ነበር። ችግሩ ያለው የሸክላ መጠንና ለተክል የሚሆን የውኃ መጠን በብራዚል ሰፊ መሬቶች ላይ አብረው የማይሄዱ መሆናቸው ላይ ነው።

ለተክል የሚሆን ውኃ የሁለት መጠኖች ልዩነት ነው። የላይኛው ወሰን አፈሩ በደንብ ከራሰና ትርፉ ውኃ በራሱ ክብደት ወደ ታች ከወረደ በኋላ የሚቀረው ሲሆን የመስክ ውኃ አቅም ይባላል። የታችኛው ወሰን ተክሉ ሊመጥጠው ከሚችለው በላይ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ የሚቀረው ነው፤ የመጠውለጊያ ነጥብ ይባላል፤ በተለምዶም በ1500 ኪሎ ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) መምጠጫ ይለካል። ስለዚህ አንድ አፈር በጣም ብዙ ውኃ ይዞ ለሰብሉ ግን ጥቂት ብቻ ሊያበድር ይችላል። ሸክላ ሁለቱንም ወሰኖች ከፍ ያደርጋል፤ የታችኛውን ከላይኛው በፈጠነ ሁኔታ ከፍ ካደረገው ልዩነቱ ይጠባል። በደጋችን ዋልካ መሬት ላይ የሠራ ሰው ጭቃው ገና በእግር እየተጣበቀ ሰብሉ ሲጠወልግ አይቶ ይሆናል፤ ምክንያቱ ግን ከዚህ በታች ከምገልጸው ጋር አንድ አይደለም።

የሴራዶ ቀይ አፈር

ሴራዶ ሁለት ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የመካከለኛው ብራዚል ሣር ለበስና ቁጥቋጧማ ሜዳ ሲሆን፣ ከግማሽ የማይርቀው መሬቱ ላቶሶል በሚባል በጣም ጥልቅና በጣም ያረጀ አፈር የተሸፈነ ነው። ለረጅም ዘመን በዝናብ ስለታጠበ የቀሩለት ማዕድናት በአብዛኛው ካኦሊናይት የተባለው የሸክላ ማዕድን፣ የብረት ኦክሳይዶችና ጊብሳይት የተባለው የአሉሚኒየም ማዕድን ናቸው። እነዚህ ኦክሳይዶች የሸክላውን ቅንጣቶች እርስ በርስ አጣብቀው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሱ ጠንካራ እንክብሎች ያደርጓቸዋል። የብራዚል የአፈር ባለሙያዎች ይህን መልክ የቡና ዱቄት ይሉታል፤ ደረቁን አፈር በእፍኝ ዘግኖ በጣቶች መካከል ያፈሰሰ ሰው ለምን እንደሚሉት ወዲያው ይገባዋል።

በእንክብሎቹ መካከል ያሉት ቀዳዳዎች ሰፋፊ ናቸው። ስለዚህ ዝናቡ እንደቆመ ውኃው በእነርሱ በኩል እንደ አሸዋ በፍጥነት ይወርዳል። በእንክብሎቹ ውስጥ ያሉት ቀዳዳዎች ደግሞ እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ የያዙትን ውኃ ከ1500 ኪሎ ፓስካል በሚበልጥ ኃይል ይይዙታል፤ ሥር አያገኘውም። ተክሉን የሚያኖረው መካከለኛው የቀዳዳ መጠን ነው፤ ይህ አፈር የጎደለውም እርሱ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸክላ የሆነ ማሳ በአንድ በኩል እንደ አሸዋ፣ በሌላ በኩል እንደ ከባድ ሸክላ ይሆናል፤ በሁለቱም በኩል የሚጎዳው ሰብሉ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንድ ነገር አለ። ላቦራቶሪው የሸክላውን መጠን ለመለካት አፈሩን ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ቀላቅሎ ለሰዓታት ይንጠዋል፤ ይህም እንክብሎቹን ፈታትቶ እያንዳንዱን ቅንጣት ለብቻው ይተወዋል። ከዚያ በኋላ 70 በመቶ ሸክላ የሚል ውጤት ይወጣል። ውጤቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የተገኘው ውኃው በመስክ ላይ የሚያገኘውን መዋቅር በማፍረስ ነው። ላቦራቶሪው የቆጠረው ሸክላና ሥሩ የሚያውቀው ሸክላ አንድ አይደሉም። በጣት የሚደረገው የመስክ ፈተናም ያደናግራል፤ እርጥቡን አፈር ለአፍታ ያሸው ሰው የማይጣበቅና አሸዋማ ነው ይላል፤ ማሸቱን ከቀጠለ እንክብሎቹ እየፈረሱ ጭቃው መጣበቅ ይጀምራል።

ይህ ልዩነት ሰብል ላይ የሚታየው ቬራኒኮ ሲመጣ ነው። ቬራኒኮ በዝናቡ ወቅት መካከል ዝናብ ለብዙ ቀናት የሚቋረጥበት ጊዜ ነው። የሴራዶ ዝናብ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ የሚዘልቅ ሲሆን ጠቅላላ መጠኑ ለአኩሪ አተር ከበቂ በላይ ነው። ሰብሉን የሚያጠፋው የዓመቱ ድምር ማነስ ሳይሆን በአበባ ጊዜ የሚገጥመው የጥቂት ቀናት ክፍተት ነው፤ ያንን ክፍተት የሚሸፍነው ደግሞ አፈሩ ያስቀመጠው ውኃ ብቻ ነው።

መለካት ወይስ መገመት

የእያንዳንዱን ማሳ ውኃ የመያዝ አቅም በቀጥታ መለካት ይቻላል፤ ለአገር አቀፍ ዕቅድ ግን አይሆንም። ናሙናው መዋቅሩ ሳይናጋ በብረት ቀለበት ከጉድጓድ ግድግዳ ተቆርጦ መውጣት አለበት። ላቦራቶሪ ደርሶ ከታች ወደ ላይ ቀስ ብሎ ይርሳል፤ በሴራሚክ ሳህን ላይ ተቀምጦ በግፊት ክፍል ውስጥ ይዘጋል፤ ውኃው መንጠባጠቡን እስኪያቆም ይጠበቃል፤ ይመዘናል፤ ግፊቱ ከፍ ተደርጎ እንደገና ይጠበቃል፤ በመጨረሻ በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርቆ ይመዘናል። በ1500 ኪሎ ፓስካል ላይ ያለው ጥበቃ ብቻ ሳምንታትን ሊወስድ ይችላል። ይህን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ማሳዎች ላይ ማድረግ አይታሰብም።

ስለዚህ ግምት ያስፈልጋል። ለመለካት ቀላል ከሆኑ ባሕርያት፣ ማለትም ከአሸዋ፣ ከደለልና ከሸክላ ድርሻ፣ አንዳንዴም ከጥቅጥቅነትና ከኦርጋኒክ ካርቦን፣ ለመለካት አስቸጋሪ የሆነውን የሚያሰሉ ቀመሮች ፔዶትራንስፈር ፈንክሽን ይባላሉ፤ ስያሜውን በ1989 ያስፋፋው የኔዘርላንድስ የአፈር ሳይንቲስት ዮሃን ባውማ ነው። ከእነዚህ በዓለም ላይ በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ ሳክስተንና ሮውልስ በ2006 ያወጡት ቀመር ሲሆን የተመሠረተው በአሜሪካ አፈሮች ላይ ነው። ብዙ የዕቅድ ሰነዶች የአፈሩን የሸክላና የአሸዋ ድርሻ በዚህ ቀመር ውስጥ አስገብተው የሚወጣውን ቁጥር ያለ ጥያቄ ይወስዳሉ። ቀመሩ በተሠራበት አካባቢ መልካም ነው፤ ሸክላው በኦክሳይድ ወደ ተጣበቀበት ላቶሶል ሲመጣ ግን የሚያውቀው አፈር አይደለም። የላይኛው ወሰንም ቢሆን ይለያያል፦ በአሜሪካ የመስክ ውኃ አቅም በ33 ኪሎ ፓስካል ሲወሰድ በብራዚል በብዛት የሚወሰደው 10 ኪሎ ፓስካል ነው፤ በፍጥነት በሚያንጠፈጥፍ አፈር ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ውኃ ችላ የሚባል አይደለም።

ኤምብራፓ የመረጠው በብራዚል አፈሮች ላይ የተለካ መረጃ ሰብስቦ የራሱን ቀመር መሥራት ነበር፤ በ2021 አወጣው። ለቀመሩ የሚገቡት ሦስት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፦ ጠቅላላ አሸዋ፣ ደለልና ሸክላ። ጥቅጥቅነትንና ኦርጋኒክ ካርቦንን መጨመር ግምቱን ሊያሻሽለው ይችል ነበር፤ ነገር ግን ጥቅጥቅነትን ለመለካት ያው ያልተናጋ ናሙና ያስፈልጋል። ገበሬው ሊያመጣው የማይችለውን ቁጥር የሚጠይቅ ቀመር ለመድን ሥርዓት አይጠቅምም። በእኔ አስተያየት ከጉዳዩ ሁሉ ብልኅ የሆነው ውሳኔ ይህ ነው።

ስድስቱ መደቦች

ሚኒስቴሩ በሰኔ 2022 ባወጣው መመሪያ ሦስቱ ዓይነቶች በስድስት የውኃ መደቦች እንዲተኩ ተወሰነ፤ አተገባበሩም በየሰብሉ ደረጃ በደረጃ ሆነ። መለኪያው በአንድ ሴንቲ ሜትር የአፈር ጥልቀት ውስጥ ያለ ለተክል የሚሆን ውኃ በሚሊ ሜትር ነው። አንደኛው መደብ ከ0.34 እስከ 0.46፣ ሁለተኛው እስከ 0.61፣ ሦስተኛው እስከ 0.80፣ አራተኛው እስከ 1.06፣ አምስተኛው እስከ 1.40፣ ስድስተኛው እስከ 1.84 ይደርሳል። የመደቦቹ ስፋት ወደ ላይ እየጨመረ እንደሚሄድ ልብ ይሏል፤ ውኃ ጥቂት በሆነበት አፈር ላይ ትንሽ ልዩነት ብዙ ስለሚያመጣ ይህ ተገቢ ነው።

ቀመሩ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ጥቂት አፈሮችን በእርሱ አስልቻለሁ። ሸክላው 40፣ ደለሉ 40፣ አሸዋው 20 በመቶ የሆነ አፈር 1.33 ገደማ ያወጣል፤ አምስተኛ መደብ ነው። ሸክላው ያው 40 ሆኖ ደለሉ 5፣ አሸዋው 55 ቢሆን 1.04 ገደማ ይሆናል፤ አራተኛ መደብ። ደለሉን ከ5 ወደ 20 በመቶ ከፍ ማድረግ ውጤቱን እምብዛም አያነቃንቀውም፤ ለውጡ የሚጎላው ከዚያ በላይ ነው። ሸክላው 70፣ ደለሉ 10፣ አሸዋው 20 የሆነው የተለመደ ከባድ ላቶሶል ደግሞ 0.95 ገደማ ያወጣል። በቀድሞው ምደባ ሦስቱም ዓይነት 3 ነበሩ፤ እንዲያውም ሸክላው የበዛው የመጨረሻው ከሁሉ የተሻለ ተደርጎ የሚታሰብ ነበር።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው ወደ ጫፍ ሲኬድ የሚታየው ነው። ሸክላው 80፣ ደለሉና አሸዋው እያንዳንዳቸው 10 በመቶ የሆኑበት አፈር ወደ 0.80 ይወርዳል። ሸክላው 22፣ ደለሉ 10፣ አሸዋው 68 በመቶ የሆነ አፈርም እንዲሁ ወደ 0.80 ይወጣል። አንዱን በእጁ የያዘ ሰው ከሌላው ጋር ፈጽሞ አያመሳስለውም፤ በቀድሞው ምደባም አንዱ ዓይነት 3፣ ሌላው ዓይነት 2 ነበር። ቬራኒኮ ሲመጣ ግን ሁለቱ ለሰብሉ የሚሰጡት ተመሳሳይ ነው።

ቁጥሮቹ ወደ ቀን ሲለወጡ ትርጉማቸው ይጎላል። ሥሩ 60 ሴንቲ ሜትር ደርሷል እንበል። ሸክላውም ደለሉም 40 በመቶ የሆነው የመጀመሪያው አፈር 80 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከባዱ ላቶሶል 57 ሚሊ ሜትር ያህል ያስቀምጣል፤ ሸክላው 10፣ ደለሉ 5፣ አሸዋው 85 በመቶ የሆነ አሸዋማ አፈር ደግሞ በዚሁ ስሌት 29 ሚሊ ሜትር ብቻ። አኩሪ አተር ሳይጨነቅ ሊወስድ የሚችለው ከዚህ ግማሽ ያህሉን ነው። በቀን 6 ሚሊ ሜትር በሚወጣበት ሞቃት ወቅት የመጀመሪያው አፈር ሰብሉን ወደ ሰባት ቀን፣ ላቶሶሉ አምስት ቀን ለማይሞላ ጊዜ፣ አሸዋማው ሁለት ቀን ተኩል ለማይሞላ ጊዜ ያቆየዋል። የሁለት ቀን ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ስሌቱ በብዙ ዓመታት ዝናብ ላይ ሲደገም፣ በአንደኛው አፈር ላይ የሚያልፈው የመዝሪያ ጊዜ በሌላው ላይ ከ20 በመቶ ሥጋት ወደ 30 ሊሸጋገር፣ ወይም ጨርሶ ከሠንጠረዡ ሊወጣ ይችላል። ገበሬው ይህን ሠንጠረዥ ዛሬ በእጅ ስልኩ ላይ በኤምብራፓ መተግበሪያ ያገኘዋል።

ቀመሩ የማያየው

የመጀመሪያው ክፍተት ከመነሻው ችግር ጋር የተያያዘ ነው። ቀመሩ የላቶሶልን ባሕርይ የሚያንጸባርቀው መዋቅሩን ስለሚያይ ሳይሆን በብራዚል ብዙ ሸክላ ያላቸው አፈሮች በአብዛኛው እንዲህ ዓይነት መዋቅር ስላላቸው ነው። መዋቅሩ በተለየበት ቦታ ቀመሩ ይስታል። በዚያው በብራዚል፣ በባሂያ ጠረፍ አካባቢ ማሳፔ የሚባለው ጥቁር፣ የሚያብጥና የሚሰነጠቅ አፈር አለ፤ ከእኛ ዋልካ ጋር አንድ ወገን ነው። ሸክላው ተመሳሳይ መቶኛ ቢኖረውም ማዕድኑ ሌላ ነው፤ ሦስቱ ቁጥሮች ብቻ ይህን ሊለዩ አይችሉም። ቀመሩን ወደ ሌላ አገር ወስዶ መጠቀምም በዚሁ ምክንያት አይመከርም፤ ከመወሰዱ በፊት ቢያንስ በዋና ዋናዎቹ የአፈር ዓይነቶች ላይ በተለኩ ናሙናዎች መፈተሽ አለበት።

ሁለተኛው የጥልቀት ጉዳይ ነው። የሴራዶ የታችኛው አፈር በአሲድነቱና በሚሟሟ አሉሚኒየም የታወቀ ነው፤ አሉሚኒየም የሥርን ጫፍ ስለሚጎዳ ሥሩ ወደ ታች አይዘልቅም። በሴንቲ ሜትር 0.95 የሚይዝ አፈር ሥሩ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢቆም 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ ያ ደግሞ ሥሩ በነጻነት ከወረደበት አሸዋ እምብዛም አይሻልም። ኖራና ጂፕሰም ጨምሮ የታችኛውን አፈር ያስተካከለ ገበሬና ያላስተካከለ ጎረቤቱ ግን በሠንጠረዡ ላይ በአንድ መደብ ይገኛሉ።

ሦስተኛው የድንበር ጉዳይ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው በ0.80 ላይ ያሉት ሁለቱ አፈሮች በትክክል በሦስተኛውና በአራተኛው መደብ ወሰን ላይ ተቀምጠዋል። በሸክላ መጠን ላይ የጥቂት ነጥቦች ልዩነት ከአንድ ላቦራቶሪ ወደ ሌላ የተለመደ ነው፤ በአንድ ማሳ ውስጥም ከዚያ የበለጠ ይለያያል። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ናሙናው ከየት እንደተወሰደና ስንት ቦታ ላይ እንደተወሰደ ከቀመሩ ትክክለኛነት ይልቅ ይወስናል። ዕቅድ አውጪው በድንበር ላይ የወደቀን ማሳ በዝቅተኛው መደብ ቢያስበው ይሻላል ባይ ነኝ፤ መድን የሚፈልገው ገበሬ ግን በተቃራኒው ሊመርጥ እንደሚችል ግልጽ ነው።

የአያያዝን ልዩነት ወደ ስሌቱ ለማስገባት ኤምብራፓ አራት የአያያዝ ደረጃዎችን አዘጋጅቷል፤ በ2025 በፓራና ግዛት በአኩሪ አተር መድን ላይ በሙከራ ደረጃ ሥራ ላይ ውሏል። በዚህ አካሄድ መሬቱን ሳያርሱ መዝራት፣ የአፈሩ መሸፈን፣ ሰብል ማፈራረቅና የታችኛው አፈር ኬሚካዊ ሁኔታ ይታያሉ፤ ማሳው ከፍ ባለ ደረጃ ላይ ከተገኘ ገበሬው ለመድን የሚያገኘው ድጎማ ከፍ ይላል። ይህም የውኃ መደቡን ሳይነካ በላዩ የሚጨመር ሁለተኛ መለኪያ ነው። የአፈሩ ተፈጥሮ በአንደኛው፣ ገበሬው በአፈሩ ላይ ያደረገው በሁለተኛው ይመዘናል፤ ሁለቱ በአንድ ማሳ ላይ ምን ያህል እንደሚደጋገፉ ለማወቅ በዚያው ማሳ ላይ የተለካ የአፈር እርጥበት መረጃ ለበርካታ ወቅቶች መሰብሰብ ይኖርበታል።